ጋሽ ግርማ ስንተኛ ይሁኑ?

ልጄ የቤቷን ቁልፍ አስቀርጪልኝ ብላ ባትልከኝ ኖሮ ሐያትን አላገኛትም ነበር፤ ሐያትን ባላገኛት ኖሮ ደግሞ ያንን ነገር በሆዴ እንደያዝኩ እቀበር ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መላክ እወዳለሁ። ቤት ተቀምጬ ከቴሌቪዥኑ ጋር ከምፋጠጥ ባስ ይዤ እዚሁ ቶሮንቶ ኤግሊንተን ዌስት ብወርድ ይሻለኛል። እዚያ ጫማ እየጠገነ ቁልፍም የሚቀርጽ አንድ ጃማይካዊ ሽማግሌ አለ። መንገዱ ለባቡር ተብሎ ያን ሁሉ ዓመት ሲቆፈር፣ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ሱቃቸውን እየዘጉ ሲሄዱ፣ እሱ ከወንበሩ አልተነሳም። ቁልፉን ተቀብሎኝ ማሽኑ ላይ አሰረው፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ያ ሽታ መጣ። ላልለመደው ሰው ምንም አይደለም፤ ትኩስ ብረት ነው፣ ትንሽ ዘይት አለበት፣ እጅ ላይ ከቀረ በሳሙና አይለቅም። የእኔ እጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱን ነው የሸተተው።

ገና በዚያ ሽታ እንደፈዘዝኩ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ተረከዙ የተነቀለ ቡትስ በፌስታል ይዛ ገባች። አመድማ ሻሽ፣ ረጅም ጥቁር ካፖርት፣ መነጽር። ሽማግሌውን በእንግሊዝኛ እንደምን አደሩ ስትለው በድምጿ አወቅኳት። ሐያት ናት። እኔስ ምን አደረግኩ? ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የልጅ ልጅ አለኝ፣ እንደ ሌባ ፊቴን ወደ ጫማ ቀለሙ መደርደሪያ አዞርኩ። የዚህችን ልጅ ዕድል አበላሽቻለሁ ብዬ ሃያ ምናምን ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ነው አብረን የምንኖረው። እኔ ሠላሳ ምናምን፣ እሷ ሃያ አራት። እኔ የመርካቶ አካባቢ ልጅ፣ እሷ የደሴ። እሷ ስትሰግድ እኔ ቴፑን እቀንሳለሁ፣ እኔ ስጾም እሷ እርጎዋን ፍሪጁ ውስጥ ከኋላ ትደብቅልኛለች። መጀመሪያ አንቱ ትለኝ ነበር፤ በወሩ አስጣልኳት፣ እትዬ የምትለውን ግን እምቢ አለች። ያ ዘመን የቶከን ዘመን ነው። ቶከን የምንላት የሳብዌይ ሳንቲም ከትንሽ ጣት ጥፍር አትበልጥም ነበር፤ በኪስ ቀዳዳ ሾልካ ካፖርት ገበር ውስጥ ትገባና ክረምቱን ሙሉ ስትሄድ ስትመጣ ትንሿሿለች። ካፖርቴ ወይን ጠጅ ነበር፣ ትከሻው ስፖንጅ ያለው፣ በር ላይ በጎን ካልሆነ የማያስገባ። የሐያት ደግሞ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛችው አረንጓዴ ጃኬት ሲሆን ኮሌታው ውስጥ የማናውቀው ሰው ስም ተሰፍቶበታል፤ እስቲ ዛሬ ምን ዋለ እያልን በሰውዬው እንቀልድ ነበር። የአገር ቤት መደወያ ካርዱ አምስት ዶላር ነው፣ ሰላምታው ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። ካሴቱም ከሰው ሰው እየተገለበጠ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር፤ ቢሆንም ሳህን ስናጥብ እሱኑ ተከትለን እናንጎራጉራለን።

ሐያት ጠዋት ኮፊ ሾፕ ትሠራለች፣ ከሰዓት ትማራለች። ዩኒቨርሲቲውን ልትጨርስ ነው፣ ሐሳቧ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ጠበቃ መሆን። ምክንያቷንም ነግራኛለች። የስደት ጉዳይዋ በታየ ቀን የሚጠይቃት ሰው፣ አባትሽ የታሰሩት አንቺ ከቤት ከመውጣትሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ ጠየቃት። እሷ አንዴ በፊት አለች፣ አንዴ በኋላ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ፈርታለች፣ ብቻዋን ናት። ውሸቷን ነው ሊባል ትንሽ ሲቀረው ጠበቃዋ እረፍት ጠየቀች፤ ኮሪደር ላይ አስቀመጠቻትና የሆነውን ሁሉ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈች ደረደረችላት። ይሄ ሆነ፣ ከዚያ ይሄ፣ ከዚያ ይሄ። ተመልሰው ገቡ፣ ተፈቀደላት። «እኔ እኮ የዳንኩት በቅደም ተከተል ነው እትዬ» ትለኝ ነበር። እንደዚያች ሴት መሆን ነው የምትፈልገው።

ለዚህ ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለ። ንባቡም ክርክሩም አልከበዳትም። ያንበረከካት አንድ ክፍል ነው፣ እኛ የተራ ጨዋታ ያልነው። ሰባት ሰዎች አሉ ይላል፣ ስም የላቸውም፣ ፊደል ናቸው። ኤፍ ከጂ በፊት ይገባል፣ ኬ ከኤል ቀጥሎ ነው፣ ኤች ሦስተኛ ወይም አምስተኛ ነው፤ እንግዲያው ኤል ሁለተኛ ከሆነ አራተኛው ማን ሊሆን ይችላል? እንደዚህ ያለ አራት ጨዋታ በሠላሳ አምስት ደቂቃ። አንድ እሑድ ከሰዓት ሐያት መጽሐፉን ሶፋው ላይ ወርውራ ትራሱን ፊቷ ላይ አደረገች። አነሳሁትና ምን እንደሚል ንገሪኝ አልኳት። ተረጎመችልኝ። ሰማሁና «ይሄማ የእኔ ማክሰኞ ነው፣ ሁልጊዜ ሥራ ላይ የምውልበት» አልኩ።

እውነቴን ነው። እኔ የምሠራው ብሉር ጎዳና አጠገብ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ያለች ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ቦታው አሥራ ሁለት መኪና ይይዛል፤ እኔ ሃያ አስገባበታለሁ። ባለመኪናው ቁልፉን ይሰጠኛል፣ ስንት ሰዓት ትወጣለህ እለዋለሁ፣ አንዱን ካንዱ ፊት እየደረደርኩ አቆማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት የሚወጣው ስድስት ሰዓት ከሚወጣው ፊት ከቆመ አለቀልኝ፤ በበረዶ አምስት መኪና ሳንቀሳቅስ ልውል ነው። ቀድሞ የሚወጣ ኋላ ይገባል። የጥርስ ሐኪሟ ከጸሐፊዋ በኋላ ትወጣለች፣ ጸሐፊዋ ከሁለቱ ወንድማማቾች ጋር አትገጥምም፣ ሙዚቀኛው መቼም የመጨረሻ ነው። ይሄን ሁሉ ወረቀት ላይ አልጽፍም። ቡዝ በምንላት የመቀመጫ ጎጆዬ ውስጥ ሰሌዳ አለ፣ ሰሌዳው ላይ ምስማር፣ ምስማሩ ላይ ቁልፍ በተራው ይሰቀላል፤ ዓይኔን ጣል ሳደርግ ማን ማንን እንደዘጋ አውቃለሁ። አሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፣ አንድም ቀን ግን መኪና አልታገተብኝም።

በማግስቱ ሰባት ምስማር ከኩሽናችን ግድግዳ ላይ መታሁ። ባለቤት የሌላቸው አሮጌ ቁልፎች ከሥራ አመጣሁ፣ እያንዳንዱ ላይ ፊደል ለጠፍን። ፊደል ግን አልያዝልሽ አለኝ። ኤፍ ማነው? ምን ይሠራል? እናም ስም አወጣንላቸው። ኤፍ ፍቅርተ፣ ኤል ለምለም፣ ኬ ከድር እያልን ሄድን። ጂ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እኩል ጋሽ ግርማ አልን።

ጋሽ ግርማ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። በአገራቸው መምህር ነበሩ፣ ቀይ ከረቫት ሳያስሩ ቆሻሻ እንኳ ሊጥሉ አይወርዱም። የዚያ ሕንፃ ሊፍት ከሦስቱ አንዱ ነው የሚሠራው፤ ማታ ማታ ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል። እሳቸው ዘንጋቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ግን ሐበሻው በሙሉ ገለል ይላል፤ እኛን አይተው ሶማሌዎቹም፣ ቬትናሞቹም ገለል ማለት ጀመሩ። እሳቸው ደግሞ «ኧረ ተዉ ልጆቼ» ይላሉ፣ ይገባሉ። ማን ይቀድማቸዋል?

ነገሩ ሠራ። ሐያት ቁልፉን በእጇ እየያዘች ስትሰቅልና ስታወርድ ጭንቅላቷ ተከፈተ። መጀመሪያ አንዱን ጨዋታ በሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በአሥራ አምስት፣ ከዚያ በዘጠኝ። እኔ ከሥራ መጥቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ግድግዳው ጋ ነኝ። እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ አልዋሽም፤ የሆነ ነገር እንደማውቅ ያወቅኩት ያኔ ነው። አንድ ክፉ ልማድ ግን አመጣሁ። ጂ ያለበት ጨዋታ በመጣ ቁጥር ሕጉ ሳይነበብ ቁልፉን አንስቼ መጀመሪያው ምስማር ላይ አንጠለጥለዋለሁ። «እስቲ ጋሽ ግርማ ይግቡ፣ ሌላው ይደርሳል» እላለሁ። ሐያት ትስቅና ታወርዳቸዋለች። «እትዬ፣ ያልተጻፈ ሕግ አትጨምሪ» ትላለች፤ ይሄ የመጽሐፉ ዋና ምክር ነው። እኔ ግን ተውኩ? አልተውኩም። ቀልዱ ጣመኝ። ከጊዜ በኋላ እሷም ማውረዱን ተወችው፣ ሁለታችንም እሳቸውን አስቀድመን ነው የምንጀምረው፤ ብዙውን ጊዜም እንዳጋጣሚ ይስማማል። ልብ ያላልኩት እሱን ነው።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና የሕግ ትምህርት ቤቱ ማመልከቻ ከተዘጋ ወዲያ ስለሆነ ለዚያ ዓመት ያላት ዕድል እሱ ብቻ ነው። ሺፍቴን ቀይሬ አብሬያት ሄድኩ። በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል፣ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልዬ ይዣለሁ። በር ላይ የአውራ ጣት አሻራ አስነሷት፤ ጣቷን ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ፣ ሌላ ቦታ ያስነሷት ትዝ ብሏት ይሆናል። «ግቢ፣ ማክሰኞዬ ነው» አልኳት። ሳቀችና ገባች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ አልኩ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ፣ ያላወቅኩትንም ሞከርኩ።

እኩለ ቀን አልፎ ወጣች። ስታለቅስ ነው የወጣችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ሰባት ሰዎች ለምሳ ይሰለፋሉ ይላል» አለች። «ጂ ነበረበት። መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ የቀረው ሁሉ እምቢ አለኝ፣ አንዱም መልስ አልገጥም አለ። ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ሕጉን ደግሜ ሳነበው ጂ ይቅደም የሚል የለም። የለም እትዬ። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ሳምቡሳውን ዘረጋሁላት፣ ሌላ ነገር በእጄ አልነበረም። አልተቀበለችኝም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፣ «መኪና የምታቆም ሴት አስተምሪኝ ብዬ።» ከዚያ ሳብዌይ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሳምቡሳው ጭኔ ላይ እንደተጠቀለለ፣ ቤት ገባን። በወሩ መጨረሻ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ዕቃዋን ይዛ ወጣች፣ የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትታ። ሰባቱን ምስማሮች ነቀልኩ፣ ቀዳዳውን በጥርስ ሳሙና ደፈንኩት።

ከዚያ ወዲያ ዓመቱ ሄደ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ከጄን ኤንድ ፊንች ወጣሁ። ቡዟን አፍርሰው ማሽን ተከሉባት፤ ማሽኑ ስንት ሰዓት ትወጣለህ ብሎ አይጠይቅም፣ መኪናም አይደራርብም። ሐያትን ግን አልጠየቅኩም። የኛ ሰው እንደምታውቁት ነው፣ ብጠይቅ በአንድ ቀን ወሬዋን አገኝ ነበር። አንዴ ሰርግ ላይ አንዷ «ያቺ የደሴ ልጅ ካልጋሪ ገባች አሉ» ስትል ሰምቼ ቶሎ ብዬ ስለ ወጡ ጨው ማውራት ጀመርኩ። በስተምዕራብ ካልጋሪ ድረስ የሚሄደው ሥራ ያጣ ነው፣ ስጋ ፋብሪካ ለመግባት ነው የሚሄደው፤ እኔ በራሴ እንዲያ ብዬ ጨረስኩት። ያቺ ኮሪደር ላይ ወረቀት የደረደረችላትን ሴት መሆን የፈለገች ልጅ በእኔ ቀልድ ምክንያት ስጋ ትቆርጣለች እያልኩ ኖርኩ። የሚቆጨኝ ስድቧ አልነበረም። ስድቡ እውነት መስሎኝ ነው።

ይኸውላችሁ፣ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው ፊቴን ወደ ጫማ ቀለሙ ያዞርኩት። ማሽኑ ጩኸቱን አቆመ። ከኋላዬ፦

«እትዬ ዘርፌ?» አለች።

አንዱን የቀለም ቆርቆሮ አንስቼ የማነብ መሰልኩ።

«ከጀርባ ማንም አይለይሽ መስሎሻል? ያ ትከሻ እኮ ያለ ስፖንጅም ያው ነው።»

ዞርኩ። ከዚያ አቀፈችኝ፣ ቡትሱ መካከላችን ላይ ተጨፈለቀ። ሽማግሌው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየና ሁለት ወንበር ጎትቶ አመጣ፤ እሱም የፈለጋችሁትን ያህል ተቀመጡ ብሎን ወደ ተረከዙ ዞረ።

«ያንን ቃል» አለች ገና ሳንደላደል፣ «ያን የተናገርኩትን፣ መልሼ ልውጠው ያልፈለግኩበት ቀን የለም። ውጤቱ በፖስታ ሲመጣ ወዲያው ልደውልልሽ ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ ስላለፈች ነው ይቅርታ የምትለው ትያለሽ ብዬ አፈርኩ። ከዚያ ወር ሆነ፣ ዓመት ሆነ።»

«ስላለፈች?» አልኩ።

«ምን?»

«ስላለፈች ነው ያልሽው?»

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «እትዬ፣ ካልጋሪ የሄድኩት እኮ ሕግ ልማር ነው። ምን ልሠራ የሄድኩ መስሎሽ ነበር?»

«ስጋ ፋብሪካ» አልኳት።

በሳቅ ወንበሩን ያዘች። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ አልኳት። ስትረጋጋ ነገረችኝ። ያቺን የምሳ ሰልፍ ጨዋታ ከነጥያቄዎቿ ስታታለች፣ እሱ እውነት ነው። የቀሩትን ሦስት ጨዋታዎች ግን አንዲት ጥያቄ አልሳተችም። «ዓይኔን ጨፍኜ ምስማሩን ነው ያየሁት» አለች። «እነሱ ናቸው ያስገቡኝ።» ዛሬ የስደተኛ ጉዳይ ትይዛለች። ሰው ታሪኩ ሲቀላቀልበት በወረቀት ትጽፍለትና ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ምስማር አለ፣ እዚያ ትሰቅልለታለች፤ ባለጉዳዩ ራሱ እያነሳ ቦታ ቦታ እስኪያስይዘው ድረስ አትነካውም። «ጋሽ ግርማን ግን አንድም ቀን ሰቅያቸው አላውቅም» አለች።

እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ሰዓት ነው። ብዙ ሰው እፎይታ ደስታ ይመስለዋል። እኔን መጀመሪያ የተሰማኝ ድካም ነው፤ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ሲያወርደው ክንዱ እንደሚንቀጠቀጠው ዓይነት። ከዚያ ነው ደስታው የመጣው፣ ቀስ እያለ። አልቅሼም ይሆናል፣ ሽማግሌው የወረቀት ናፕኪን ማቀበሉ ትዝ ይለኛል። የጫማ ቀለም ነክቶታልና ፊቴን ጠርጌ ጠቁሬ ነው የዋልኩት፤ ሐያትም አልነገረችኝም፣ ማታ ልጄ ናት ያየችው።

ሐያት እዚህ የመጣችው ሴት ልጇን ልታይ ነው። ልጅቱ ቶሮንቶ ትማራለች፣ በተራዋ ለዚያው ፈተና ትዘጋጃለች። ሳላስበው፣ «ምስማር ልምታላት?» አልኩ።

«አያስፈልግም። ያ ክፍል ቀረ እኮ።»

«ምኑ ቀረ?»

«የተራ ጨዋታው። ከፈተናው አወጡት። አሁን ንባብና ክርክር ብቻ ነው። ስነግራት አልገባትም፣ 'ሶ ዋት?' ነው ያለችኝ።»

እንግዲህ ይሄም አለ። ሁለታችንን እንደዚያ ያሳበደን፣ ያቀራረበን ያጣላን ነገር፣ አንድ ቀን ሰዎች ተሰብስበው ይቅር ብለውታል። ልናደድ ነበር፣ አልቻልኩም። ከእንግዲህ ማንም ልጅ ጋሽ ግርማን በማክበሯ ነጥብ አይቀነስባትም ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ደግሞ ቅር አለኝ፣ እሱን አልደብቅም፤ በዚህ አገር እኔ ከማንም የምበልጥበት አንድ ትምህርት ያ ነበር።

ሽማግሌው ቁልፌን ሰጠኝ፣ ያው ሽታ አለው። የሐያት ቡትስ ማስቲሽ እስኪደርቅ ብሉር ወርደን ምሳ እንብላ ተባባልን። በሩ ጋ ስንደርስ ሐያት ከፈተችና ይዛ ቆመች። ውጭ ነፋሱ ያስፈራል፣ ካፖርቷ ይንዘፈዘፋል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ቅደሚ» አለች።

«አንቺ ቅደሚ፣ በሩን ይዘሻል።»

«ታላቅ ነው የሚቀድመው እትዬ።»

«የት ተጽፏል?» አልኳት።

«የትም አልተጻፈም» አለች ሐያት። «ውጪ።»

ወጣሁ።